ቁጥሩን የማያውቀው ዓመት

ባለፈው ጥር የልደት የምስክር ወረቀቴን ወደ እንግሊዝኛ ላስተረጉም ሄጄ አንድ ዓመት አንሼ ተመለስኩ። የተወለድኩት ኅዳር 26 ቀን 1976 ነው። በፈረንጅ 1983 መሆን አለበት። ወረቀቱ ላይ ግን 1984 ቁጭ ብሏል። መስኮቱ ጋ ተመልሼ ሄድኩ።

"እህቴ፣ ኅዳር ስለሆነ የሚደመረው ሰባት ነው።"

"ስምንት ነው" አለችኝ ቀና ሳትል።

"ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ነው ስምንት የሚሆነው።"

"ወንድሜ፣ ሲስተሙ ነው የሚያወጣው፣ እኔ አይደለሁም።"

እንግዲህ ከሲስተም ጋር ምን ክርክር አለ። ለማስተካከል ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ "ማክሰኞ ተመለስ"። ወረቀቱን ይዤ አባዬ ቤት ሄድኩና ብሶቴን ዘረገፍኩት። አባዬ ወደ መምህርነት ከመግባታቸው በፊት ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዛሬም ቀን የሚቆጥሩት በጣታቸው አንጓ ነው። ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው አዩና ስለ ዓመቱ ምንም ሳይሉ "ቀኑን አልነኩብህም?" አሉኝ። አልነኩም። "እንግዲያውስ ምን ያስጨንቅሃል። የኢየሱስ ሞዓ ቀን ነው፣ የናግራን ሰማዕታትም ቀን ነው። ዓመቱን ማን ይጠይቅሃል።"

ዓመቱን የሚጠይቀኝ ኤምባሲው ነው ብዬ ልመልስ ፈልጌ ነበር። ግን የናግራን ነገር ውስጤ ቀረ። ስንክሳሩ ላይ ኅዳር 26 ሲነበብ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ማን እንደነበሩ፣ ናግራን የት እንደሆነች ጠይቄ ግን አላውቅም። ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ ነገር ሌላውን እየሳበ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ዓመት ውስጥ ከርሜ ወጣሁ። ዓመቱ 525 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። (ከዚህ በኋላ "በእኛ" ካላልኩ ቁጥሩ የፈረንጅ ነው።) ሦስት ሳምንት የያዘኝም ይሄ ነው፤ የናግራንን ደም ለመበቀል አፄ ካሌብ ባሕር የተሻገሩበት ዓመትና እኔን መስኮት ላይ ያንገላታኝ አቆጣጠር የተፈለሰፈበት ዓመት አንድ ዓመት ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ሁለተኛው ልንገራችሁ።

ሮም ውስጥ ዲዮናስዮስ የሚባል መነኩሴ ነበር። የተወለደው ጥቁር ባሕር ዳር፣ ዛሬ ሩማንያና ቡልጋሪያ በሚገናኙበት አካባቢ ነው። ግሪክኛም ላቲንም አሳምሮ ስለሚያውቅ ሥራው በአብዛኛው ትርጉም ነበር። ራሱን "ትንሹ" እያለ ይጠራ ነበር። ቁመቱ አጭር ስለሆነ አይደለም፣ የመነኩሴ ትሕትና ነው። በ525 ይሄ ሰው የፋሲካ ሰንጠረዥ ሠራ። ያኔ ሮምና እስክንድርያ ፋሲካ መቼ ይውላል በሚለው ነገር በየጊዜው ይጋጩ ነበር፣ ዲዮናስዮስ ደግሞ የእስክንድርያዎቹ ሂሳብ ይሻላል ባይ ነበር። ስለዚህ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በቄርሎስ ስም የሚታወቀውን ሰንጠረዥ አነሳ። እኛ ዘንድ በግዕዝ መጽሐፍ ስሙ የሚጠራው ያው ቄርሎስ ነው። ያ ሰንጠረዥ የሚያልቀው በ531 ስለነበር ዲዮናስዮስ ከ532 ጀምሮ ለ95 ዓመት ቀጠለው።

አሁን ችግሩ መጣ። የቄርሎስ ሰንጠረዥ ዓመቱን የሚቆጥረው ከንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ ጀምሮ ነው፣ ማለትም ከ284። ዲዮቅልጥያኖስ ማለት ክርስቲያኖችን ያስፈጀው ነው። ዲዮናስዮስ የዚህን አረመኔ ስም እየጠራሁ ፋሲካን አልቆጥርም አለ። በቦታው "ከጌታችን ሰው መሆን ጀምሮ" ብሎ ጻፈና የያዝነው ዓመት 525 ነው አለ። እንዴት እዚያ ቁጥር ላይ እንደደረሰ ግን አላስረዳም። በቃ፣ ጻፈው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው ቀን፣ የፓስፖርታችሁ ማብቂያ፣ የዓለም ዋንጫው ዓመት ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያች ያልተብራራች ቁጥር ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ግብፆች ያንኑ የዲዮቅልጥያኖስ ቆጠራ አልጣሉትም። ዛሬም ይቆጥሩበታል። ስሙን ብቻ ቀየሩትና "ዓመተ ሰማዕታት" አሉት፤ ገዳዩን ሳይሆን የተገደሉትን እንዲያስታውስ አደረጉት። አሁን 1742ኛው ላይ ናቸው። ለእኔ ይሄኛው ይበልጣል። ዲዮናስዮስ ሰውየውን ከታሪክ ሊፍቀው ሞከረ፣ ግብፆቹ ዓመቱን ወረሱት።

የእኛስ? የእኛ ሌላ መነኩሴ ነው። አንያኖስ ይባላል፣ እስክንድርያ ነበር፣ ከዲዮናስዮስ በመቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። እሱ ከዓለም ፍጥረት እስከ ጌታ ሰው መሆን 5500 ዓመት ብሎ አሰላ። ዓመተ ፍዳ የምንለው 5500 ማለት ነው። በእሱ ስሌት ጌታ የተፀነሰው በፈረንጁ 9ኛ ዓመት ላይ ይወድቃል፤ ሰባትና ስምንቱ ልዩነት የመጣው ከዚያ ነው። "ወደ ኢትዮጵያ ስትመጡ በሰባት ዓመት ታንሳላችሁ" የምትለዋን የቱሪስት ቀልድ ሁላችንም እናውቃታለን፣ እኔም ለእንግዶች ነግሬያታለሁ። አሁን ግን ትንሽ ትጎረብጠኛለች። ወደ ኋላ የቀረ የለም። ሁለት መነኮሳት ሁለት ቦታ ተቀምጠው ቆጠሩ፣ ቀድሞ የቆጠረው የእኛው ነው። ደግሞ ሁለቱም በትክክል አልመቱትም። ሄሮድስ የሞተው ከፈረንጁ 1 ዓመት አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው ይላሉ አብዛኞቹ የታሪክ ሰዎች። ሄሮድስ ከሞተ በኋላ ደግሞ ጌታ ሊወለድና ሄሮድስ ሊያሳድደው አይችልም።

እንግዲህ ያንን ዓመት 525 ያለው በዓለም ላይ አንድ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ሌላው በየራሱ ይቆጥር ነበር። ሮም ውስጥ "ፕሮቡስ ቆንስል የነበረበት ዓመት" ነው፤ ቆንስል በየዓመቱ የሚሾም ባለሥልጣን ነበር። ቁስጥንጥንያ የንጉሥ ዮስጢኖስን የንግሥ ዓመት ትቆጥራለች። ሶርያዎች 836 ይላሉ፣ ከታላቁ እስክንድር አዛዦች አንዱ ከነበረው ከሴሌውቆስ ጀምረው። ደቡብ ዓረብ ውስጥ ሒምያሮች 635 ይላሉ። ሰሜን ቻይና ውስጥ እቴጌ ሁ ከታሰረችበት ወጥታ ሥልጣን የያዘችበት ዓመት ስለሆነ የዘመኑ ስም ራሱ መሀል ላይ ተቀይሮ እንደገና አንድ ተባለ። በእነሱ ስድሳ ዓመት ዑደት ደግሞ የእባብ ዓመት ነበር፤ ልክ እንደ 2025። በእኛ ሲሰላ እስከ ጳጉሜን 517፣ ከዚያ 518 ነው።

አሁን ወደ ናግራን።

ናግራን ዛሬ ሳዑዲ ውስጥ የመን ድንበር ላይ ያለች ከተማ ነች፣ ነጅራን የሚሏት። ሥራ ፍለጋ በዚያ በኩል ያለፉ ብዙ ልጆቻችን ስሟን በሌላ ነገር ያውቁታል፣ እሱን አሁን አልነካውም። በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሒምያር መንግሥት ግዛት ነበረች፣ ብዙ ክርስቲያኖች ይኖሩባት ነበር። የሒምያር ነገሥታት ከመቶ ዓመት በላይ ወደ አይሁድ እምነት ያዘነበሉ ነበሩ። አክሱም ደግሞ ባሕር ማዶ ሆና እጇን ታስገባ ነበር፤ ዋና ከተማቸው ዘፋር ውስጥ የሐበሻ ወታደር ይቀመጥ ነበር። እንግዲህ ዮሴፍ የሚባል ንጉሥ ተነሳ። ዓረቦች ዙ ኑዋስ ይሉታል፣ የእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ ይሉታል። ዘፋር ያሉትን ሐበሾች ፈጀ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን አቃጠለ፣ ከዚያ ወደ ናግራን ዞረ።

ይሄ ተረት አይደለም። በረሃው ውስጥ ድንጋይ ላይ የራሱ የጦር አዛዥ ያስቀረጸው ጽሑፍ አለ፣ ዓመቱም 633 ተብሎ ተጽፏል፣ የፈረንጁ 523 መሆኑ ነው። ጽሑፉ የገደልነው 12,500፣ የማረክነው 11,000፣ የነዳነው ግመልና ከብትና በግ 290,000 እያለ ይቆጥራል። የሰው ሬሳና የበግ ብዛት በአንድ መስመር። ያነበብኩ ቀን ማታ እራት አልበላሁም ብላችሁ ውሸት ይሆናል፣ በላሁ፣ ግን እየበላሁም ቁጥሮቹ አልለቀቁኝም። የከተማዋ ሽማግሌ ሒሩትና ብዙ ተከታዮቹ የተገደሉት ያን ጊዜ ነው። ወሬውን ያሰራጨው ስምዖን የሚባል ሶርያዊ ጳጳስ ነበር፤ ከቁስጥንጥንያ መልእክተኞች ጋር በረሃ ውስጥ ከአንድ የዓረብ ንጉሥ ዘንድ ሄዶ ሳለ የናግራንን ነገር ሰማና ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ቀጥሎ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ቢያንስ ከትምህርት ቤት። ዮስጢኖስ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በጢሞቴዎስ በኩል አፄ ካሌብን ለመኑ። እኔን የገረመኝ ልመናው ውስጥ ያለው ነገር ነው። የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የኬልቄዶን ጉባኤ ደጋፊ ነው፣ ያንን ጉባኤ የማይቀበሉትን ጳጳሳት ከሶርያ እያሳደደ ነበር። አክሱምና እስክንድርያ ደግሞ ጉባኤውን የማይቀበሉ ናቸው። በሃይማኖት መናፍቅ የሚለውን ሰው በጦርነት ወንድሜ አለው። ያው የቀይ ባሕር ንግድም አለ እኮ፤ ዕጣን፣ ቅመም፣ ሐር፣ የዝሆን ጥርስ። ስለ ሰማዕታት ደም ብቻ ነው ብሎ የሚነግራችሁን አትመኑ፣ ስለ ንግድ ብቻ ነው የሚለውንም እንደዚያው።

መርከቦቹ አዱሊስ ተሰበሰቡ። አዱሊስ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ዙላ አጠገብ ፍርስራሽዋ አለ፣ ከአክሱም በዚያን ጊዜ እግር የ12 ቀን መንገድ ነበር። የሒሩት ገድል መርከቦቹን አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል። ከአይላ 15፣ ከቀልዝም 20፣ ከዮታቤ ደሴት 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን 7፣ ከሕንድ 9። ድምሩ 60። አፄ ካሌብ ደግሞ በፈረንጆቹ ክረምት 10 አሠሩ። የዚያ ዘመን ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው በእነዚያ ባሕሮች የሚሄዱት መርከቦች በሚስማር አይመቱም ነበር፣ ሳንቃው በገመድ ነው የሚታሰረው። ሰባ መርከብ፣ ብዙዎቹ ከጨውና ከቅመም ሌላ ነገር ጭነው የማያውቁ የነጋዴ ጀልባዎች፣ አሁን ወታደርና ስንቅ ሊጭኑ ወደብ ላይ ተደርድረው።

እዚህ ወደብ ላይ አንድ የምወደው ሰው አለ። ኮስማስ ይባላል፣ ግብፃዊ ነጋዴ ነው፣ ኋላ መንኩሶ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ውስጥ ዓለም ጠፍጣፋ ናት፣ ቅርጿም እንደ ሣጥን ነው እያለ ክብ ናት የሚሉትን ይሰድባል። የጂኦግራፊ ፈተና ላይ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ዓይኑ ያየውን ሲጽፍ ግን የሚታመን ሰው ነው። አዱሊስ የደረሰው አፄ ካሌብ ለዘመቻው ሲዘጋጁ ነው። ከከተማው መግቢያ ላይ አንድ የእምነ በረድ ዙፋን ነበር፣ ከኋላው ደግሞ ጥቁር ድንጋይ፣ ሁለቱም ላይ በግሪክ ተጽፏል። ካሌብ የከተማውን ገዥ አስባስን ጽሑፉን ገልብጠህ ላክልኝ ብለው አዘዙት። ገዥው ግሪክ የሚያነብ ሲፈልግ ኮስማስንና ሜናስ የሚባል ሌላ ነጋዴ አገኘ። ሁለቱ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ገለበጡ። አንዱን ቅጂ ለገዥው ሰጡ፣ ኮስማስ ለራሱም አስቀረ።

አሁን ዙፋኑም የለም፣ ድንጋዩም የለም። የተረፈው የኮስማስ ግልባጭ ነው። ጽሑፎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለጦርነት ዝሆን ያስጠምድ ስለነበረው ስለ ግብፁ ንጉሥ ስለ በጥሊሞስ ይናገራል፣ ሁለተኛው ስሙ ስለጠፋ አንድ የአክሱም ንጉሥ፤ ያ ንጉሥ ባሕር ተሻግሮ ዓረቦችን እንዳስገበረ የሚፎክርበት ነው። ካሌብ ጦር እያሰለፉ፣ መርከብ እያሠሩ፣ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መሀል የድሮ ድንጋይ ለምን አስገለበጡ? እኔ እንደሚመስለኝ ማረጋገጥ ፈልገው ነው። ከእኔ በፊት የተሻገረ አለ? እንዴት ተሻገረ? ከመሻገራቸው በፊት የአያት ፋይል ማስወጣታቸው ነው። እሳቸው ግን መስኮት ላይ አልተሰለፉም፣ ነጋዴ አዘዙበት።

ዘመቻው የተነሳው ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው ይላል ገድሉ። ተሻገሩ፣ አሸነፉ። ዙ ኑዋስ እንዴት እንደሞተ ሁለት ወሬ አለ። ዓረቦች ፈረሱን ጋልቦ ባሕር ውስጥ ገባ፣ ዳግም አልታየም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ተገደለ ይላሉ። የመጀመሪያው ለግጥም ይመቻል፣ እውነቱ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሒምያር 640 የተጻፈ የድንጋይ ጽሑፍም ሐበሾች ንጉሡን ገደሉት ነው የሚለው።

የእኛ ሰዎችም አበባ ይዘው አልተሻገሩም። አንድ የሶርያ ጽሑፍ እንደሚለው ወታደሮቹ ቋንቋውን ስለማያውቁ ክርስቲያኑን ከሌላው መለየት አልቻሉም፣ ያገኙትን ይገድሉ ነበር። ስለዚህ የአገሩ ክርስቲያኖች እንዳይገደሉ እጃቸው ላይ መስቀል ተነቀሱ። ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች አያት ያላችሁ ይሄን ስታነቡ ምን እንደተሰማችሁ አላውቅም። እኔ የአያቴ ፊት ነው የመጣብኝ። የእሷ ለጌጥም ለእምነትም ነበር፣ የእነዚያ ለሕይወት። ስለዚህ ክፍል ስንክሳሩም የታሪክ መማሪያ መጽሐፋችንም ብዙ አይልም። ሊል ይገባ ነበር።

አፄ ካሌብ አንድ የአገሩን ክርስቲያን አንግሠው ተመለሱ፣ እሱንም ኋላ አብርሃ ገለበጠው፤ ይሄ ሌላ ረጅም ታሪክ ነው። እሳቸው ግን በትውፊታችን ዘውዳቸውን ኢየሩሳሌም ልከው አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገቡ። በዓላቸው ግንቦት 20 ነው። ግንቦት 20 ስል ሌላ ነገር ትዝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያችን ቀን በካሌብ የሚያስባት ካለ ደብር ውስጥ ያደገ ሰው ነው።

ጰራቅሊጦስ የምትለዋ ቃል ነች አባዬ ዘንድ የመለሰችኝ። የዚያ ዓመት ጰራቅሊጦስ መቼ ነበር? ባሕረ ሐሳቡ፣ የበዓላቱን ቀን የሚያወጣው ሂሳብ፣ ካለ ይሰላል። አባዬ እስክሪብቶ አልነኩም፣ እኔ ወረቀት ይዤ እከተላቸው ነበር። ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ የሚሏቸው ጨረቃዋ በዓመቱ የት እንዳለች የሚናገሩ ቁጥሮች ናቸው። በእኛ 517 ነው። 5500 ሲደመር 6017 ዓመተ ዓለም። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ቀንስ፣ ወንበሩ 12። ወንበሩን በ11 አባዛ፣ ለ30 ግደፍ (በ30 አካፍለህ ትርፉን ያዝ ማለት ነው)፣ አበቅቴ 12። በ19 አባዛ፣ ለ30 ግደፍ፣ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 ናቸው፣ ስለዚህ አልተሳሳትንም።

አባዬ ጣታቸውን አንጓው ላይ እንዳደረጉ ቆም አሉ። "አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄ እኮ የዘንድሮው ነው።"

እውነትም። 2018ን በተመሳሳይ መንገድ አሰላነው፣ ያው ወጣ። ከ517 እስከ 2018 ድረስ 1501 ዓመት ነው፣ 1501 ደግሞ 19 ጊዜ 79 ነው፣ ትርፍ የለውም። ጨረቃዋ ዞራ ዞራ እዚያው ላይ ወድቃለች ማለት ነው። ከዚያ የቀኑን ሂሳብ ሠራን። መስከረም 1 ቀን 517 ሐሙስ ነበር። መስከረም 1 ቀን 2018ም ሐሙስ ነበር። መጥቅዕ መስከረም 18 እሑድ ላይ ይውላል፣ የእሑድ ተውሳክ (በዕለቱ የሚደመረው ቁጥር) 7 ነው፣ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23። ሁለቱም ዓመት። አንድም ቀን ሳይዛነፍ። በፈረንጆቹ የድሮ አቆጣጠር የዚያ ዓመት ፋሲካ ማርች 30 ነበር፣ ዲዮናስዮስም ሮም ላይ በዚያው እሑድ ነው የሚፈስከው፤ ሂሳቡ ከአንድ አገር ነው የመጣው።

እንግዲህ የዘንድሮን ካላንደር ግድግዳችሁ ላይ ከሰቀላችሁ፣ አዱሊስ ላይ መርከብ የታሰረበትን ዓመት ካላንደር ነው የሰቀላችሁት።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ ዓመቱ አልለቀኝም። በዚያው ዓመት ሌላው ዓለም ምን ያደርግ ነበር እያልኩ መፈለግ ጀመርኩ። ጣሊያን ውስጥ ንጉሥ ቴዎዶሪክ ዘመዱንም አማካሪውንም መጠርጠር ጀምሮ ነበር። ፈላስፋውን ቦኤቲዩስን ከጥቂት ጊዜ በፊት አስገድሎታል፤ እስር ቤት ሆኖ የጻፈው መጽሐፍ ግን ተርፏል። የሮሙን ጳጳስ ዮሐንስን ደግሞ ወደ ቁስጥንጥንያ ለሽምግልና ሰደደው። ዮሐንስ የሚቀጥለውን ዓመት ፋሲካ እዚያ በክብር አክብሮ ሲመለስ በውጤቱ ያልረካው ንጉሥ አሰረው፣ እስር ቤት ሞተ። የሞተው ሜይ 18 ቀን 526 ነው። የካሌብ ዓመት ጰራቅሊጦስ ደግሞ ሜይ 18 ቀን 525። ልክ ዓመቱ። ምንም ትርጉም የለውም፣ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ሳገኝ ዝም ማለት አልችልም።

ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለችውን ኤደሳን ጎርፍ ወሰዳት። የከተማዋ ወንዝ በግሪክ ስሙ "ዘላዩ" ማለት ነው፣ በዚያ ዓመት እውነትም ዘለለ። ብዙ ሺህ ሰው ሞተ። ዮስጢኖስ ገንዘብ ልኮ አሠራትና በራሱ ስም ጠራት። ኤደሳ ማለት ለጌታ ደብዳቤ ጻፈ የሚባልለት የንጉሥ አብጋር ከተማ ነች። ዓረቦች ሩሃ ይሏታል። የላሊበላ የጥንት ስም ሮሃ መሆኑን ከዚህ ጋር የሚያያይዙ ምሁራን አሉ። አንጾኪያ ደግሞ በዚያው ዓመት ተቃጠለች፣ በዓመቱ ለዕርገት በዓል ሰው ከየአገሩ ተሰብስቦባት ሳለ መሬት ተንቀጠቀጠ። አንድ የዘመኑ ጸሐፊ የሞተውን 250,000 ያደርሰዋል።

ከሁሉ ልቤን የነካኝ ግን የኮርያው ነው። ቤክጄ የሚባል መንግሥት ነበር፣ ንጉሡ ሙርዮንግ በ523 ሞተ፣ የመጨረሻ ቀብሩ የተፈጸመው በ525 ነው። መቃብሩ ጎንግጁ በምትባል ከተማ እስከ 1971 ድረስ ሌባ ሳያገኘው ቆየ፤ ያገኙትም የውኃ መውረጃ ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በር ላይ የድንጋይ አውሬ ቆሞ ይጠብቃል። ከፊቱ የተቀረጸ ድንጋይ አለ፣ ንጉሡ መቼ እንደሞተና መቼ እንደተቀበረ በቀኑ ተጽፎበታል፣ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ገንዘብ ተቀምጧል። ገንዘቡ ለምንድነው? ጽሑፉ ይነግረናል፤ የመቃብሩ መሬት ከምድር አማልክት በ10,000 ሳንቲም ተገዝቷል። ሽያጩ ውል አለው። አገሩን ሁሉ ሲገዛ የኖረ ንጉሥ ለሚቀበርባት ቁራጭ መሬት ከፍሎ፣ ካርታ አሠርቶ፣ ካርታውን ይዞ ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ የመሬት ጉዳይ የተከታተለ ሰው ሙርዮንግን ያከብረዋል።

ካሌብ ሳንቲም አስመትተዋል፣ ወርቅም ነው፣ መስቀልም አለው፣ ዓመት ግን የለበትም። ኮስማስ ድንጋዩን የገለበጠበትን ጊዜ ሲናገር "በዮስጢኖስ መንግሥት መጀመሪያ" ነው የሚለው፤ ለዚህ ነው አንዳንዱ ምሁር ከ525 ቀደም የሚያደርገው። የሙርዮንግ ሰዎች የዓመቱን ስም ከቻይና ዑደት ተውሰው ነው መቃብሩ ላይ ያጻፉት። ሁሉም ያንን ዓመት ኖሩት፣ ማንም ግን ተመሳሳይ ቁጥር አልሰጠውም። ቁጥሩን የሰጠው መነኩሴም ቢሆን ቶሎ የሰማው አልነበረም፤ አውሮፓ ውስጥ በደንብ የተስፋፋው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው፣ ቤዳ የሚባል እንግሊዛዊ መነኩሴ ታሪክ ሲጽፍ ስለተጠቀመበት።

ባለፈው እሑድ ለአባዬ ደወልኩ። ስለ ኮርያው ንጉሥ ነገርኳቸው፣ ሳቁ። ከዚያ ሲገርመኝ የከረመውን ደግሜ አነሳሁ፤ አዱሊስ ላይ፣ ሮም ላይ፣ እኛም ዘንድ ዘንድሮ፣ ፋሲካው አንድ ቀን መዋሉን።

"ታዲያ" አሉኝ፣ "ያኔ ሌላ ጨረቃ ነበረች እንዴ?"

ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ "የልደት ወረቀቱን አስተካከሉልህ?"

አላስተካከሉም። ማክሰኞ ተመለስ ብለውኛል።